ግሌዝ ቀለም አይደለም፦ በሻይ ጣባ ላይ ጭቃና መስታወት ሲገናኙ

ሸክላ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ግራ ይጋባል። ባልዲው ውስጥ ያለው ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላው የሚነከርበት ማልበሻ ፈሳሽ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነበር። ጣባውን ነክሮ እቶን ውስጥ ከተተው። እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት ጣባው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ከሥሩ የጻፍኩትን ቁጥር ሁለት ጊዜ አገላብጬ አይቻለሁ። ቁጥሩ የኔው ነበር።

መልሱ አጭር ነው። ግሌዝ ቀለም አይደለም፤ መስታወት ነው። ቀለም ከተቀባበት ቦታ አይንቀሳቀስም። ብሩሹ ላይ ያያችሁት እሱው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ግሌዝ ግን እሳት ውስጥ ይቀልጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥሩ ካለው ጭቃ ጋር ይዋሃዳል። ሲቀዘቅዝም እንደገና ይለወጣል። ይህን አንድ ነገር የጨበጠ ሰው፣ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ቀድሞ ግማሹን አውቆታል ማለት ነው።

ስሊፕ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ስሊፕ ጭቃ ነው። በውኃ ቀጥኖ፣ በወንፊት ተጣርቶ፣ እንደ እርጎ የሆነ ጭቃ። እሳት ውስጥ ገብቶም ጭቃነቱን አይተውም፤ ይጠነክራል እንጂ እንደ ግሌዝ ቀልጦ አይፈስም። ስለዚህ ስሊፕ መሬቱ ነው፣ ግሌዝ ደግሞ በመሬቱ ላይ የሚሄደው ውኃ። ውኃ የት እንደሚጠራቀምና የት እንደሚሳሳ የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ብዙ ጀማሪ አዲስ የግሌዝ ቅመም ፍለጋ ሲባዝን አያለሁ። ያለውን አንድ ግሌዝ በአምስት ዓይነት ስሊፕ ላይ ቢሞክረው ኖሮ አምስት አዲስ ግሌዝ ያገኘ ያህል ነበር።

ለዚህ ሙከራ የሻይ ጣባን የሚያህል ዕቃ የለም እላለሁ። እጀታ የለውም። በሁለት እጅ ታቅፎ ነው የሚጠጣበት። መዳፍ ውጩን ይዳስሳል፣ ከንፈር አፉን ይነካል፣ ዓይን ውስጡን ያያል። ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጭቃ አይፈጅም፤ ቢበላሽም አንጀት አይቆርጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻካራ መሆን ያለበትና ለስላሳ መሆን ያለበት ቦታ አንድ ላይ ተቀራርበው የሚገኙበት ዕቃ ነው።

ድንጋይ እንዴት ይቀልጣል?

የመስታወት መሠረቱ ሲሊካ ነው። ንጹሕ አሸዋ ማለት ይቻላል። ችግሩ ሲሊካ ብቻውን የሚቀልጠው 1,710 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ጣባው ራሱ ለስልሶ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊካውን ቶሎ እንዲቀልጥ የሚያደርግ ረዳት ያስፈልጋል። አቅላጭ ልበለው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ ሊቲየም፣ እነዚህ ሁሉ አቅላጮች ናቸው። የእንጨት አመድም በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ቦሮን ደግሞ ራሱ መስታወት የሚሆንም፣ የሚያቀልጥም ነው፤ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ባለውለታ ነው።

ሲሊካና አቅላጭ ብቻቸውን ከሆኑ ግን የቀለጠው መስታወት እንደ ውኃ ይፈሳል። ከጣባው ወርዶ የእቶኑ መደርደሪያ ላይ ይጣበቃል። ይህን የሚከለክለው አሉሚና ነው። የቀለጠውን ዝልግልግ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያቆየዋል። አሉሚናው ከካኦሊን፣ ማለትም ከነጭ ሸክላ አፈር ይመጣል። ፌልድስፓር የሚባለው ድንጋይ ደግሞ ሲሊካም፣ አሉሚናም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም በአንድ ላይ ይዟል። ለዚህ ነው በብዙ የግሌዝ ቅመሞች ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይዞ የምታገኙት።

ለምሳሌ ሸክላ ሠሪዎች «አራት ሦስት ሁለት አንድ» የሚሉት መሠረታዊ ግሌዝ አለ። ከመቶ 40 እጅ ፌልድስፓር፣ 30 እጅ ሲሊካ፣ 20 እጅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 10 እጅ ካኦሊን። ወደ 1,300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጥርት ብሎ ይቀልጣል። ቀለም የለውም። ብረት ስትጨምሩበት፣ መዳብ ስትጨምሩበት ነው ጉዱ የሚጀምረው። ነገሩን ከሥሩ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። አራት ዕቃ ብቻ ነው፣ የእያንዳንዱም ሥራ ግልጽ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። እቶን ውስጥ የሚሠራው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ የቆየበት ጊዜም ነው። ለዚህ ነው ኮን የሚባለው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ጥቅም ላይ የሚውለው። ሄርማን ዜገር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1880ዎቹ ያወጣው ዘዴ ነው። ኮኑ ራሱ እንደ ግሌዝ ካሉ ማዕድናት የተሠራ ስለሆነ፣ በቂ ሙቀትና በቂ ጊዜ ሲያገኝ ጎንበስ ይላል። ቴርሞሜትሩ ቁጥር ይነግራችኋል። ኮኑ ግን ግሌዙ ምን እንደደረሰበት ይነግራችኋል። ዛሬ ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ እቶን የሚሠራበት ኮን 6 የሚባለው ደረጃ ወደ 1,220 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አንድ ብረት፣ ብዙ መልክ

ግሌዝ ቀለም አይደለም ያልኩበትን ምክንያት ከብረት በላይ የሚያስረዳ የለም። ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ጥርት ወዳለ ግሌዝ ጨምሩ። ባልዲው ውስጥ ሮዝ ይላል። እቶኑ ውስጥ አየር እንደ ልብ ካለ፣ ጣባው ገለባ መሰል ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። በጋዝ ወይም በእንጨት እቶን አየሩን ካሳጠራችሁት ግን እሳቱ ኦክስጅን ይጠማል። የጠማው እሳት ከብረቱ ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል። ብረቱ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ግሌዙም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀመስ አረንጓዴ ይሆናል። ሴላደን የሚባለው ይህ ነው። ያ ሮዝ ባልዲ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር።

ብረቱን ወደ 8 ወይም 10 እጅ ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይወጣል። በዚህ መንገድ የታወቁት በቻይና ፉጂያን ግዛት በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ የተሠሩት የጂየን ጣባዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ ጥንቸል ፀጉር ቀጫጭን መስመር አላቸው። አንዳንዶቹ ላይ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ የዘይት ጠብታ የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል። ጃፓኖች ቴንሞኩ ይሏቸዋል፤ ስሙ ቲየንሙ ከሚባለው የቻይና ተራራ የመጣ ነው። ከሁሉም ብርቅ የሆኑት፣ ነጠብጣባቸው ዙሪያውን በሰማያዊ የሚያበራ ሦስት ጣባዎች ጃፓን ውስጥ እንደ ብሔራዊ ቅርስ ተጠብቀዋል።

እነዚያ የዘይት ነጠብጣቦች በብሩሽ የተሣሉ አይደሉም። ሙቀቱ 1,230 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግሌዙ ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል። ኦክስጅኑ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ብረት ይዞ ይወጣል። ገጹ ላይ ፈንድቶ ጉድጓድ ይተዋል፤ ጉድጓዱ ተመልሶ ሲሞላ የብረቱ ክምችት እንደ ነጠብጣብ ይቀራል። እሳቱን ትንሽ ብታስረዝሙት ነጠብጣቡ ወደ ታች ይፈስና የጥንቸል ፀጉር ይሆናል። በ2014 የወጣ ጥናት በእነዚህ ጥንታዊ ግሌዞች ገጽ ላይ ኤፕሲሎን የሚባል ዓይነት የብረት ኦክሳይድ አግኝቷል። በዘመናዊ ላቦራቶሪ እንኳ ንጹሑን ለመሥራት የሚያስቸግር ነገር ነው። እነዚያ ሸክላ ሠሪዎች ስሙን ሳያውቁት ሠርተውታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

መዳብም እንዲሁ ነው። አየር ሲያገኝ አረንጓዴ፣ አየር ሲያጥረው ቀይ። ኮባልት ግን ፍንክች አይልም፤ በማንኛውም እሳት ሰማያዊ ነው። ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ ደማቅ ሰማያዊ ስለሚያወጣ በጥንቃቄ መዝኑት።

ስሊፕ፦ መሬቱን ማረስ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ስሊፕ የሚቀባው ጣባው ጠፈፍ ሲል ነው። እርጥበቱ ገና ያልወጣ፣ ግን በጣት ቢጫኑት የማይሰረጉድ፣ ቢላ የሚቆርጠው ሁኔታ ላይ። ለምን? ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲቃጠል እንደገና ይኮማተራል። ስሊፑና ጣባው አብረው መኮማተር አለባቸው። ጣባው ቀድሞ ደርቆ ጨርሶ ከሆነ፣ እርጥቡ ስሊፕ ብቻውን ይኮማተርና እየተላጠ ይወድቃል። አንዴ የመጀመሪያውን እሳት ባየ ጣባ ላይ ደግሞ ተራ ስሊፕ አይይዝም።

ለጀማሪ የምመክረው ከዚያው ከጣባው ጭቃ ስሊፕ መሥራት ነው። ጣባውን ስትፍቁ የወደቀውን ፍርፋሪ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ከዚያ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። በደንብ የደረቀ ጭቃ ውኃ ሲነካው ራሱ እየፈራረሰ ይሟሟል፤ ግማሽ እርጥብ የሆነው ግን እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። በወንፊት አጣሩት፣ አለቀ። መኮማተሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከጣባው ጋር አይጣላም። ብረት ጨምሩበት፣ ጥቁር ስሊፕ ሆነ። ነጭ ስሊፕ ከፈለጋችሁ ግን ጭቃችሁ ነጭ ካልሆነ በካኦሊን፣ በሲሊካና በፌልድስፓር አዲስ ማዋሐድ ይጠይቃል። ያኔ ነው የመኮማተሩ ጉዳይ የሚያሳስበው።

በኮሪያ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ቡንቾንግ የሚባል ሸክላ ይሠራ ነበር። ጭቃው ግራጫ ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ስሊፕ ይቀባል፣ ከዚያ ጥርት ያለ ግሌዝ። አንዳንዱ በስሊፑ ላይ ዓሣና አበባ ተጭሮበታል። አንዳንዱ በሻካራ ብሩሽ አንዴ ብቻ ተዳብሶ ተትቷል። ጃፓኖች ይህን የብሩሽ ዱካ ሃኬሜ ብለው ወደዱት። ጣባውን ሙሉ በሙሉ ስሊፕ ውስጥ መንከርን ደግሞ ኮሂኪ ይሉታል። ሃኬሜ ቀላል ይመስላል፤ ግን በጣም ከባድ ነው። ብሩሹ ጠንካራ፣ ከሣር ወይም ከጭድ የታሰረ ቢሆን ይመረጣል። ስሊፑ ወፈር ይበል። ጣባው የተቀመጠበትን መንኮራኩር አዙራችሁ አንዴ ብቻ እጃችሁን ሰንዝሩ። ሁለተኛ የነካችሁት ጊዜ ትኩስነቱ ይጠፋል። እኔ ካበላሸኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ «ትንሽ ላስተካክል» ብዬ የተመለስኩባቸው ናቸው።

ኮሂኪ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ጠፈፍ ያለ ጣባ ስሊፕ ውስጥ ስትነክሩት ውኃ ይጠጣል። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ይለሰልሳል። አንድ ጊዜ ስድስት ጣባ ውስጡንም ውጩንም በአንድ ትንፋሽ ነክሬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አራቱ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ውስጡን ዛሬ፣ ውጩን ጠፈፍ ሲል ነው የማደርገው።

ሌላም አለ። ስሊፑን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና በሰፋፊ ጥርስ ሚዶ አበጥሩት። ወይም በሦስት ጣት ከአፉ እስከ እግሩ ጎትቱ፤ ጣት የሄደበት ቦታ የጣባው ጭቃ ይገለጣል። ወይም ደግሞ በእርጥብ ስፖንጅ እየነካካችሁ አንሱት፤ ስፖንጁ ሲላቀቅ ትናንሽ ጫፎች ይተዋል። ስሊፑ ውስጥ ሸካራ አሸዋ ወይም የተፈጨ የተቃጠለ ሸክላ ጨምራችሁ እንደ ዛፍ ቅርፊት ያለ ገጽ ማውጣትም ይቻላል።

እንደ ደረቀ የሐይቅ ዳር መሬት የተሰነጣጠቀ ገጽ የሚወጣበት ዘዴ ግን ሁሌም ያስደንቀኛል። መንኮራኩሩ ላይ ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ ግድግዳ ታነሣላችሁ። ገና እርጥብ እያለ ስሊፕ ትቀባላችሁ። በላዩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባለውን ፈሳሽ በስሱ ታለብሱታላችሁ። ከዚያ የውጩን ገጽ ብቻ በሙቅ አየር ታደርቁታላችሁ፤ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን። አሁን ከውስጥ ብቻ በጣታችሁ ግፉት። ውጩን አትንኩ። ሆዱ ሲነፋ፣ የደረቀው ቆዳ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ብዙ ስትገፉ ስንጥቁ ይሰፋል። በስንጥቆቹ መካከል ከሥር ያለው ጭቃ ብቅ ይላል። ነጭ ስሊፕ በጥቁር ጭቃ ላይ ሲሆን ማየት ነው!

የሚገርመው ይኸው ሶዲየም ሲሊኬት በጥቂት ጠብታ ስሊፑ ውስጥ ሲገባ ፍጹም ሌላ ሥራ ይሠራል። የጭቃው ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዲገፋፉ ያደርጋል። ስሊፑ ያለ ተጨማሪ ውኃ ይቀጥናል። ውኃው ካነሰ መኮማተሩም ያንሳል። ስሊፕ እየተላጠ ላስቸገረው ሰው ይህ ትልቅ መላ ነው።

ግሌዙ መሬቱ ላይ ሲሄድ

ጣባው ደርቆ የመጀመሪያውን እሳት 1,000 ዲግሪ አካባቢ ካየ በኋላ ግሌዝ ለመጠጣት ዝግጁ ነው። ውኃ የሚስብ፣ ግን የማይሟሟ ሆኗል።

አሁን የሚሆነውን አስቡት። ሚዶ ያበጠረው ገጽ ከፍታና ዝቅታ አለው። ግሌዙ ሲቀልጥ ከከፍታው ላይ ይሳሳል፣ ዝቅታው ውስጥ ይጠራቀማል። የሳሳው ቦታ ከሥሩ ያለውን ስሊፕ ያሳያል። የተጠራቀመው ቦታ ይጠቁራል፣ ይደምቃል። ሴላደን በነጭ ስሊፕ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ጥልቅ ውኃ ይመስላል። ጥቁሩ የብረት ግሌዝ ደግሞ ጠርዝ ላይ ሲሳሳ የዝገት ቀለም ይሆናል። አንድ ግሌዝ ነው፤ ውፍረቱ ነው የለያየው። ለዚህ ነው ሸክላ ሠሪ ገጹን ሲቀርጽ ቀለሙንም እየቀባ ነው የምለው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የቀለጠ ግሌዝ ከሥሩ ያለውን ስሊፕ በጥቂቱ ይበላዋል። ብረት የበዛበት ስሊፕ ከሆነ ብረቱ ወደ ግሌዙ ይወጣል። አየር ባጠረው እሳት ውስጥ ብረት ራሱ አቅላጭ ይሆናል። ስለዚህ በነጭ ስሊፕ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ግሌዝ፣ በጥቁር ስሊፕ ላይ ሊፈስ ይችላል። ይህን ሳታውቁ ጥቁር ስሊፕ እስከ እግሩ ድረስ ቀብታችሁ ግሌዙንም እስከ እግሩ ካወረዳችሁ፣ ጣባው መደርደሪያው ላይ ይጣበቃል። ከእግሩ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ። የሚፈስ ግሌዝ ከሆነ ከዚያም በላይ።

የማያሳይ ግሌዝም አለ። ወፍራም ነጭና ድፍን የሆኑት ግሌዞች የደከማችሁበትን ገጽ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍኑታል። ለሸካራ ገጽ ጥርት ያለ ወይም ግማሽ ጥርት ያለ ግሌዝ ምረጡ። የደበዘዘ፣ የማያብረቀርቅ ገጽ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዙ ላይ ነው። እቶኑ ከ1,100 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በዝግታ ሲቀዘቅዝ በግሌዙ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ክሪስታሎች ያድጋሉ፤ ብርሃኑን የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። ያው ግሌዝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ሊያብረቀርቅ ይችላል።

ውፍረት ይህን ያህል ከወሰነ፣ በግምት መሥራት አያዋጣም። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ግሌዝ መዝኑ። 145 ግራም ከሆነ ለብዙ ግሌዞች ደህና መነሻ ነው። 160 ከሆነ በጣም ወፍሯል፣ 130 ከሆነ ቀጥኗል። ክብደቱን ጻፉ። ጣባውን ስትነክሩ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ ከሆነ ሁልጊዜ ሦስት ሰከንድ። ሲደርቅ በመርፌ ጫር አድርጋችሁ ውፍረቱን እዩ። ይህ አሰልቺ ይመስላል። ግን «ያ ቆንጆ ጣባ እንዴት ነበር የወጣው?» ብሎ መልስ ማጣት ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል።

ሙከራ ማለት

ብዙ ሰው የሚሞክረው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ነው። አዲስ ስሊፕ፣ አዲስ ግሌዝ፣ አዲስ ሙቀት። ጥሩ ከወጣ ለምን እንደወጣ አያውቅም። መጥፎ ከወጣም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

መሞከሪያ ቁራጮች ሥሩ። ጠፍጣፋና የተኛ አይሁን፤ የቆመ ይሁን፤ ግሌዝ መፍሰሱ የሚታወቀው ሲቆም ነው። ግማሹን ስሊፕ ቀቡት፣ ግማሹን ተዉት። ስሊፑ ላይ ሚዶ ጎትቱበት። ግሌዙን ከታች አንድ ጊዜ፣ ከላይ ሁለት ጊዜ ንከሩት። በአንድ ቁራጭ ላይ ባዶ ጭቃ፣ ስሊፕ፣ ሻካራ ገጽ፣ ስስና ወፍራም ግሌዝ ሁሉንም ታያላችሁ። ከሥሩ ለሚፈሰው መቀበያ ትንሽ የጭቃ ቂጣ አድርጉለት። ጀርባው ላይ ቁጥሩን በብረት ኦክሳይድ ጻፉ። እስኪርብቶ ይቃጠላል።

ሁለት ግሌዝ ማቀላቀል ካማራችሁ ደግሞ በደረጃ አድርጉት። የመጀመሪያው ቁራጭ መቶ በመቶ «ሀ»። ሁለተኛው 75 «ሀ» እና 25 «ለ»። ሦስተኛው እኩል በእኩል። አራተኛው 25 በ75። አምስተኛው ሙሉ «ለ»። ብዙ ጊዜ ቆንጆው ማንም ያልጠበቀው ሁለተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነው። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቁራጭ ጣባ አይደለም። ጣባ ክብ ነው፣ ውስጡ ግሌዝ ይሰበስባል፣ ሙቀቱንም በሌላ መንገድ ይይዛል። ቁራጭ ላይ የወደዳችሁትን አንድ ጣባ ላይ ሳታዩ ሃያ ጣባ አትንከሩ።

ጉድለት ወይስ ውበት?

በሌላ ዕቃ ላይ ጉድለት የሚባለው በሻይ ጣባ ላይ ሲፈለግ ታገኛላችሁ። ግሌዝ ከገጹ ሸሽቶ እየተሰበሰበ ባዶ ቦታ ሲተው አንዱ ነው። ይህ የሚሆነው ግሌዙ ሲደርቅ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከሥሩ አቧራና የእጅ ቅባት ካለ ነው። ካኦሊኑ ከበዛ ግሌዙ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል። ሲቀልጥ ደግሞ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ይሸሻል። አንዳንዶች ማግኒዚየም ካርቦኔት አብዝተው ሆን ብለው ያደርጉታል፤ ነጭ ደሴቶች በጥቁር ስሊፕ ባሕር ላይ የተበተኑ ይመስላሉ። በጃፓን ኪዮቶ ዳይቶኩጂ በሚባለው የቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የሚጠበቅ ኪዛኤሞን የተባለ የኮሪያ ጣባ አለ። ብሔራዊ ቅርስ ነው። ከሚደነቅበት አንዱ በእግሩ ዙሪያ ግሌዙ ተሰባስቦ እንደ ዶቃ የሆነው ነው።

የሸረሪት ድር መሰሉ ስንጥቅም እንዲሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከጣባው ይበልጥ ይኮማተራል፤ ልብሱ ጠበበውና ተተረተረ። ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛባቸው ግሌዞች ላይ የተለመደ ነው። ሲሊካ መጨመር ያስታግሠዋል። የጃፓን የሃጊ ጣባዎች ግን ሻይ በስንጥቆቹ እየገባ ለዓመታት ቀለማቸው ሲለወጥ «ሰባቱ የሃጊ ለውጦች» ተብሎ ይወደሳል። ውበቱ እውነት ነው። ጉዳቱም እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ጣባ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ጭቃው በደንብ ካልተቃጠለም ያንጠባጥባል። ስለዚህ እያወቃችሁ ምረጡት።

ተቃራኒው ግን ምንም ውበት የለውም። ግሌዙ ከጣባው ያነሰ ሲኮማተር ይጨናነቅና ከአፍና ከጠርዝ ላይ እንደ ምላጭ ቀጭን ሆኖ ይፈናጠራል። ስሊፑ ከጣባው ጋር ካልተስማማም ግሌዙን ተሸክሞ ይላጣል። ሻይ ውስጥ የሚወድቅ መስታወት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጣባ ምንም ቢያምር ስበሩት።

ውስጡና ከንፈሩ

የኔ ደንብ ሙከራው ሁሉ ውጩ ላይ፣ ውስጡ ጸጥ ያለ። ውስጡ ለስላሳ፣ በደንብ የቀለጠ፣ የታወቀ ግሌዝ ይሁን። ሻይ ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ነው፤ በደንብ ካልተሠራ ግሌዝ ውስጥ ብረታ ብረት ቀስ እያለ ሊያወጣ ይችላል። እርሳስና ካድሚየም ለቤት ሥራ አይታሰቡ። ባሪየምና ማንጋኒዝ ውስጡ ላይ አይግቡ። መዳብም ከበዛ አይታመንም። የዱቄት ሻይ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ጣባው ውስጥ በቀርከሃ መምቻ ይመታል፤ ሸካራ ውስጥ መምቻውን ይበላዋል፣ ሻይውንም ይይዛል። ከንፈር የሚነካው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ላይም አሸዋማውን ስሊፕ አስወግዱ።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። ደረቅ ሲሊካና ካኦሊን ስትመዝኑ አቧራ የሚከላከል ትክክለኛ ማስክ አድርጉ፤ የጨርቁ አይበቃም። ሳንባ ውስጥ የገባ ሲሊካ አይወጣም። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በደረቅ አትጥረጉ። እቶኑ ያለበት ክፍል አየር ይግባበት።

እቶኑ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትክፈቱ። ልብ ይቸኩላል፣ አውቃለሁ። ጣባው ሲወጣ መጀመሪያ እግሩን በድንጋይ አለስልሱ። ከዚያ የጣባውን ግማሽ ኮምጣጤ ሞልታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በማግስቱ እጠቡና ኮምጣጤው የነካውን ካልነካው ጋር አስተያዩ። ቀለሙ ከፈዘዘ ወይም ልስላሴው ከጠፋ ያ ግሌዝ ውስጥ አይግባ። ይህ የላቦራቶሪን ምርመራ አይተካም፤ መጥፎውን ግን ቶሎ ያጋልጣል። ቀጥሎ የፈላ ውኃ ሙሉትና ወረቀት ላይ አስቀምጡት። አንድ ሰዓት ቆዩ። ጣባውን ስታነሡ ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ፣ ቁጥሩን ከሥሩ አንብባችሁ ደብተሩ ላይ «ያዘ» ብላችሁ ጻፉ።